16 ድል ክሽፈት አይባልም

ከስፖርት ወሬ ሁሉ ሰነፉ «ዋናው ዋንጫ ነው» የሚለው ነው። አፍ ላይ ይቀላል፣ ክርክር ይዘጋል፣ ማሰብ አይጠይቅም። አንዱ ስለ አንድ ቡድን የወራት ሥራ በቁጥርና በማስረጃ ሲያስረዳ ይቆይና ሌላው ስልኩን እየነካካ «እሺ፣ ዋንጫ በላ?» ይለዋል። አልበላም። በቃ፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ የሚነገረው ሁሉ የተሸናፊ ማጽናኛ ተደርጎ ይቆጠራል።

እኔ ይህን አባባል እቃወማለሁ። ማስረጃዬን የማመጣው ደግሞ አብዛኞቻችን ዞር ብለን ከማናየው ቦታ ነው፤ ከካናዳ ፉትቦል። የቶሮንቶ አርጎናውትስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2023 የውድድር ዘመን 18 ጨዋታ ተጫውቶ 16ቱን አሸነፈ። በሊጉ ታሪክ በአንድ የውድድር ዘመን ከዚህ በላይ ያሸነፈ ቡድን የለም፤ የሚስተካከለውም አንድ ብቻ ነው። ከዚያ አንድ ቅዳሜ በሜዳው ተሸነፈ። በዚያች አንድ ቀን ምክንያት ከሰኔ እስከ ጥቅምት የተሠራው ሁሉ «ክሽፈት» የሚል ስም ወጣለት።

ስሙ ውሸት ነው። ለምን ውሸት እንደሆነ ቀስ ብለን እንየው።

መጀመሪያ ጨዋታውን እንወቀው

የካናዳ ፉትቦል የአሜሪካው ፉትቦል የአክስት ልጅ ነው። ሞላላ ኳስ በእጅ ይያዛል፣ ይወረወራል፣ የያዘው ይሮጣል፣ ተጋጣሚ ይጥለዋል። የካናዳው ግን የራሱ ጸባይ አለው። በአንድ ወገን የሚሰለፉት 11 ሳይሆኑ 12 ናቸው። ሜዳው ይሰፋል፣ ይረዝማል፤ 110 ያርድ ነው። ኳሱን 10 ያርድ ወደፊት ለመግፋት አሜሪካኖቹ አራት ሙከራ ሲሰጣቸው ካናዳውያኑ ሦስት ብቻ ነው ያላቸው። ስለዚህ ጨዋታው ይፈጥናል፣ ኳስ ብዙ ይወረወራል፣ ስህተትም ይበዛል። ይህቺን «ስህተት ይበዛል» የምትለዋን ያዟት፤ በኋላ ታስፈልገናለች።

ሊጉ ውስጥ ያሉት ቡድኖች ዘጠኝ ብቻ ናቸው። አምስቱ በምዕራብ፣ አራቱ በምሥራቅ ምድብ ይመደባሉ። እያንዳንዱ ቡድን 18 ጨዋታ ይጫወታል። ከዚያ ስድስቱ ወደ ጥሎ ማለፍ ይገባሉ። በየምድቡ አንደኛ የወጣው የመጀመሪያውን ዙር ያርፋል፤ የምድቡን ፍጻሜ ደግሞ በሜዳው ያስተናግዳል። የሁለቱ ምድቦች አሸናፊዎች ግሬይ ካፕ በሚባለው ታላቅ ፍጻሜ ይገናኛሉ።

አሁን ሒሳቡን ሥሩት። ዘጠኝ ቡድን በ18 ጨዋታ፣ ለሁለት ሲካፈል፣ 81 ጨዋታ ነው። ሊጉ 81 ጨዋታ አጫውቶ የሚያሰናብተው ሦስት ቡድን ነው። ከቀሩት ስድስት አንዱን ሻምፒዮን ለማድረግ ግን አምስት ጨዋታ ይበቃዋል፤ ሁለት ግማሽ ፍጻሜ፣ ሁለት የምድብ ፍጻሜ፣ አንድ ግሬይ ካፕ። 81 ለሦስት፣ አምስት ለቀረው ሁሉ! እንዲህ ያለ ሚዛን ገበያ ውስጥ ቢገኝ ነጋዴው ይከሰስ ነበር።

ዓመቱ እንዴት ነበር?

አርጎናውትስ ወደ 2023 የገባው ሻምፒዮን ሆኖ ነው። በኅዳር 2022 ሬጃይና ላይ ዊኒፔግን 24 ለ 23 አሸንፎ ዋንጫውን ወስዷል። ግን ያን ዓመት ሲመራው የነበረው ዋናው ኳርተርባክ ሄደ፤ ቦታው ለቻድ ኬሊ ተሰጠ። ኬሊ በዚያ ፍጻሜ ዋናው ሰው ሲጎዳ ተቀይሮ የገባ ተጠባባቂ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ቡድን ይመራል ብሎ በሙሉ ልብ የሚወራረድ ብዙ ሰው አልነበረም።

ውጤቱ ምን ሆነ? 16 ለ 2። የተሸነፈባቸው ሁለቱ ጨዋታዎች ከምዕራብ ምድብ ካልጋሪና ከዊኒፔግ ጋር ያደረጋቸው ናቸው። ከራሱ ምድብ ያሸነፈው አልነበረም። ሞንትሪያል አሉዌትስን በመደበኛው ውድድር ሦስት ጊዜ ገጥሞ ሦስቱንም ጊዜ ረትቷል። ምድቡን አንደኛ ሆኖ መጨረሱን ያረጋገጠው ውድድሩ ሊያልቅ ገና ብዙ ሳምንት ሲቀረው ነው።

ሥራው የአንድ ሰው ብቻ እንዳልነበረ ሽልማቶቹ ይናገራሉ። የሊጉ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ኬሊ፣ ምርጥ የማጥቃት መስመር ተጫዋች ዲጆን አለን፣ በልዩ ቡድን ምርጡ ጃቮን ሊክ፣ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ኳንቴዝ ስቲገርስ፣ ምርጥ አሰልጣኝ ራያን ዲንዊዲ፤ አምስቱም ከቶሮንቶ ናቸው። ስቲገርስን ለብቻው አስቡት። በኮሌጅ ደረጃ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት የመጣ ልጅ ነው። አባቱ ሲሞት ትምህርቱን ትቶ ቤተሰብ ለማገዝ ሥራ የገባ። በዚህ ዓመት በሊጉ የአዲሶቹ ቁንጮ ሆነ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የአሜሪካው ኒው ዮርክ ጄትስ በምርጫው ወሰደው። «የከሸፈ ዓመት» የሚባለው ይህን ልጅ ያወጣው ዓመት ነው።

የሚያስቀው ደግሞ የሽልማቶቹ ጊዜ ነው። የሚታደሉት በግሬይ ካፕ ሳምንት ነው። የቶሮንቶ ሰዎች አምስት ሽልማት ሲቀበሉ ቡድናቸው ከውድድር ከወጣ ቀናት አልፈዋል። ሊጉ በአንድ እጁ «ከሁላችሁም ምርጦቹ እናንተ ናችሁ» ብሎ ሸለማቸው፣ በሌላ እጁ የዋንጫውን በር ዘግቶባቸዋል።

ያቺ ቅዳሜ

እ.ኤ.አ. ኅዳር 11 ቀን 2023፣ ኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር ባለው ቢኤምኦ ፊልድ፣ የምሥራቅ ምድብ ፍጻሜ። ቶሮንቶ ከሞንትሪያል። ሞንትሪያል 38፣ ቶሮንቶ 17።

ማለባበስ አያስፈልግም፤ ቶሮንቶ ያን ቀን መጥፎ ነበር። የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚባለው ኬሊ የወረወረው ኳስ አራት ጊዜ በተጋጣሚ ተቆረጠ። አንዱን የኩቤክ ልጅ የሆነው ማርክ-አንቷን ደኳ ቆርጦ 101 ያርድ፣ ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሮጦ ነጥብ አደረገው። ዳኛ አልበደላቸውም፣ ዝናብ አላታለላቸውም። ሞንትሪያል በዚያ ቀን በለጠ፣ አሸነፈ፣ የሚገባውን ወሰደ።

የሞንትሪያልን ታሪክ ማናናቅም አልፈልግም፤ ታሪኩ ያምራል። በዓመቱ መጀመሪያ ቡድኑ ባለቤት አጥቶ ሊጉ ራሱ ነበር የተረከበው። ፒየር ካርል ፔላዶ የገዛው በመጋቢት ነው። ኳርተርባኩ ኮዲ ፋሃርዶ ከአንድ ዓመት በፊት በሳስካቹዋን ተጠባባቂ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነበር። ይኸው ሰው ግሬይ ካፑ ሊያልቅ 13 ሰከንድ ሲቀረው ለታይሰን ፊልፖት ኳስ ወርውሮ ዊኒፔግን 28 ለ 24 አሸነፈ፤ የፍጻሜው ኮከብም ተባለ። ለእነሱ እሰየው ነው።

የእኔ ጠብ ከሞንትሪያል ጋር አይደለም። ጠቤ ከማግስቱ ወሬ ጋር ነው። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ የማይጽፍ አልነበረም። በሰኔ፣ በሐምሌ፣ በነሐሴ ያሸነፉት ሁሉ ድንገት ዋጋ አጣ። «ድሮም ወረት ነበር»፣ «ትልቅ ቀን ላይ ልብ የላቸውም»፣ «16 ለ 2 ለምን ይበጃል?» ተባለ። በአንድ ጨዋታ መሸነፍ አንድ ነገር ነው። ያ ሽንፈት ወደኋላ ተመልሶ 16 ድሎችን ይሰርዛል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ሁለተኛው ቅጥፈት።

ገበሬ ዓመቱን ሙሉ አርሶ፣ ዘርቶ፣ አርሞ፣ እሸቱ ሲያምርበት በአንድ ከሰዓት በረዶ ቢያወርድበት እህሉን አጥቷል፤ ይህ ሐቅ ነው። «ሰነፍ ገበሬ ነው» የሚለው ጎረቤት ግን ስለ እርሻ ምንም አያውቅም።

እስቲ በእኛው ቋንቋ እናውራው

እንዲህ ያለው ነገር የማይገባው አንባቢ ካለ ወደ እንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ልውሰደው፤ እዚያ ሁላችንም ሊቅ ነን። አርሰናል በ2003/04 የውድድር ዘመን 38 ጨዋታ ተጫውቶ 26 አሸነፈ፣ 12 አቻ ወጣ፣ አንድም አልተሸነፈም። ሃያ ዓመት አልፎም ቲሸርት ለብሰን የምንዞርበት ታሪክ ነው።

አሁን ያንኑ አርሰናል በካናዳው ሕግ ዳኙት። በካናዳ ከቡድኖቹ ሁለት ሦስተኛው ጥሎ ማለፍ ይገባል። በ20 ቡድን ሊግ ይህ ማለት 13ኛ የወጣውም ዕድል ያገኛል ማለት ነው። ከ38 ጨዋታ በኋላ አርሰናል አንድ ጨዋታ ይጫወታል፤ ከተሸነፈ ወደ ቤቱ። ሊሸነፍ ይችል ነበር? አዎ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ በኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ በማንችስተር ዩናይትድ፣ በቻምፒየንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ደግሞ በቼልሲ ተሸንፎ ከሁለቱም ወጥቷል። ያ ሳምንት የሊጉን ዋንጫ የሚወስን ቢሆን ኖሮ ዛሬ «የማይሸነፉት» የሚባል ቡድን አይኖርም ነበር። ተጫዋቾቹ እነዚያው፣ ጎሎቹ እነዚያው፣ ሥራው ያው። የሚለወጠው ስም ብቻ ነው።

የቶሮንቶ ነገር ይኸው ነው። ልዩነቱ የእነሱ ሊግ የደረጃ ሰንጠረዡን አንደኛ አለማክበሩ ነው።

ዋንጫ ብቻ ከተቆጠረ ምን ይፈጠራል?

ከዚህ ክለብ ሦስት ተከታታይ ዓመታት የተሻለ ማስረጃ የለኝም። 2022፦ 11 ለ 7፣ ዋንጫ። 2023፦ 16 ለ 2፣ ባዶ እጅ። 2024፦ 10 ለ 8፣ ዋንጫ።

«ዋናው ዋንጫ ነው» የሚለውን ሚዛን ብንቀበል የክለቡ ምርጥ ዓመት ከሦስቱ መጥፎው ሆነ፤ ብዙ ጊዜ የተሸነፈባቸው ሁለቱ ዓመታት ደግሞ ስኬት። ከባዱን ቀላል፣ ቀላሉን ከባድ አድርጎ የሚያሳይ ሚዛን ደግሞ ሚዛን አይባልም።

«ትልቅ ቀን ላይ ልብ የላቸውም» የሚለውንም እዚሁ እንፍታው። በ2022 ፍጻሜ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የዊኒፔግን ምት ከልክሎ በአንድ ነጥብ ያሸነፈው ይኸው ክለብ፣ በዚሁ አሰልጣኝ ነው። በ2024 በምድብ ፍጻሜ አንደኛ ሆኖ ሲጠብቀው የነበረውን ሞንትሪያልን በራሱ ሜዳ 30 ለ 28 የጣለው፣ ከዚያም ቫንኩቨር ላይ ዊኒፔግን 41 ለ 24 የረታው ይኸው ክለብ ነው። እናስ፣ በ2022 ልብ ነበራቸው፣ በ2023 ልባቸው ጠፋ፣ በ2024 ተመልሶ ተገኘ? ኧረ እንተዛዘን! ልብ እንደ ስልክ ቻርጅ ከፍና ዝቅ አይልም። ከፍና ዝቅ የሚለው የአንድ ጨዋታ ውጤት ነው፤ ተፈጥሮው ነውና።

የ2024ቱ ዋንጫ ሌላም ጉድ ያሳየናል። በዚያ ዓመት የካቲት ላይ አንዲት የቡድኑ የቀድሞ የአካል ብቃት አሰልጣኝ በኬሊና በክለቡ ላይ ክስ መሠረተች። ሊጉ ባስደረገው ገለልተኛ ማጣራት ኬሊ በጾታ ላይ የተመሠረተ ጥቃትን የሚከለክለውን የሊጉን ደንብ ጥሷል ተባለ፤ በግንቦት ቢያንስ ለ9 ጨዋታ ታገደ። ተመልሶ መጣ፣ በምድብ ፍጻሜው እግሩ ተሰበረ፣ ፍጻሜውን ኒክ አርባክል ተጫውቶ ኮከብ ሆነ። ታሪኩ «ቆስለው ድል ያደረጉ ጀግኖች» ተብሎ ተጠቀለለ። ዋንጫ ሲገባ የዓመቱ መጀመሪያ ላይ የነበረው ከባድ ጥያቄ የግርጌ መስመር ሆነ።

አያችሁ፣ ዋንጫን ብቻ መቁጠር በሁለት በኩል ይዋሻል። በአንድ በኩል መልካም ሥራን ይደመስሳል፤ በሌላ በኩል ሊጠየቅ የሚገባውን ያጥባል። በ2023 ከሜዳ ውጪ ያለው ጉዳይ ገና በይፋ ሳይሰማ፣ በሜዳ የሠሩት ለሌላው ሁሉ ተቆጥሮ ለእነሱ ብቻ አልተቆጠረም። በ2024 ደግሞ ሊቆጠር የሚገባው ተሸፈነ። ዓመትን እንደ ዓመት፣ ከነሙሉ ገጹ የሚያነብ ሰው ግን ሁለቱንም ያያል፤ 16ቱን ድልም፣ እገዳውንም።

ብቻቸውን አይደሉም

ቶሮንቶን የሚስተካከለው አንድ ቡድን ብቻ ነው ብያለሁ። እሱ የ1989 ኤድመንተን ነው፤ 16 ለ 2። ምን ደረሰበት? የምድቡን ፍጻሜ በሜዳው አስተናገደ፤ ዘጠኝ አሸንፎ ዘጠኝ የተሸነፈው ሳስካቹዋን መጣና 32 ለ 21 ጣለው። ሳስካቹዋን ከዚያ ሃሚልተንን 43 ለ 40 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በሊጉ ታሪክ 16 ጨዋታ ያሸነፉት ሁለት ቡድኖች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ግሬይ ካፑ ላይ እንኳ አልደረሱም።

በ2016 ደግሞ ካልጋሪ 15 አሸንፎ፣ ሁለት ተሸንፎ፣ አንድ አቻ ወጥቶ ፍጻሜ ደረሰ። የገጠመው ኦታዋ 8 አሸንፎ 9 የተሸነፈ፣ ማለትም ካሸነፈው የተሸነፈው የሚበዛ ቡድን ነበር። ኦታዋ በጭማሪ ሰዓት 39 ለ 33 አሸነፈ። ሻምፒዮን።

በ2023 ራሱ ካልጋሪ 6 አሸንፎ 12 ተሸንፎ ጥሎ ማለፍ ገባ። ከ18 ጨዋታ 12ቱን! በመጀመሪያው ዙር ባይወድቅና ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ቢያሸንፍ ኖሮ ሻምፒዮን ነበር። ሦስት ቀን 12 ሽንፈትን ታጥባለች፣ አንድ ቀን 16 ድልን ታጠፋለች። ይህን ሥርዓት መዝናኛ በሉት፣ እስማማለሁ። የችሎታ ዳኛ ካላችሁት ግን አልስማማም።

ሒሳቡም ከባድ አይደለም። ከ18 ጨዋታ 16 የሚያሸንፍ ቡድን አንድ ጨዋታ የማሸነፍ ዕድሉን 89 በመቶ እንበለው። በምድብ አንደኛ ስለወጣ ለዋንጫ ሁለት ጨዋታ ይቀረዋል። ሁለቱንም የማሸነፍ ዕድሉ 79 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ማለት ከአምስት ዓመት አንዱን፣ ምንም ሳያጠፋ፣ ባዶ እጁን ይቀራል። ጥሎ ማለፍ ውስጥ ያለው ተጋጣሚ ደግሞ ጠንካራ ነው፤ ዕድሉ ወደ 75 በመቶ ቢወርድ ሁለቱንም የማሸነፉ ነገር 56 በመቶ ይሆናል፤ ሳንቲም ከመወርወር ብዙም አይሻልም። ስህተት በሚበዛበት፣ ሦስት ሙከራ ብቻ በሚሰጥ ጨዋታ አንድ ከሰዓት ምን ያህል እንደሚያምታታ ከዚህ በላይ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

«ግን እኮ…» ለሚሉ

አንደኛ፣ «ሕጉን ሁሉም ያውቀው ነበር» ይላሉ። ልክ ነው። ስለዚህ ነው ሞንትሪያል ዋንጫውን ይመልስ ያላልኩት። ሕግን ማወቅ ግን ውጤቱን መቀበል እንጂ ትርጉሙን መዋሸት አያስገድድም። ሕጉ «ዋንጫው የሞንትሪያል ነው» ይላል። «የቶሮንቶ ዓመት ከንቱ ነበር» የሚል አንቀጽ የለውም፤ ያንን የጨመርነው እኛ ነን።

ሁለተኛ፣ «የደረጃ ሰንጠረዡም ፍትሐዊ አይደለም፣ ሁሉም እኩል ተጋጣሚ አይደርሰውም» ይላሉ። ይህ ከሁሉም የጠነከረው ክርክር ነው። እውነትም ቡድኖቹ እርስ በርስ እኩል ጊዜ አይገናኙም፤ አንዱ ምድብ በአንድ ዓመት ከሌላው ሊደክም ይችላል። ግን መልሱ ምንድን ነው? 18 ጨዋታ ፍጹም ሚዛን ካልሆነ አንድ ጨዋታ እንዴት የተሻለ ሚዛን ይሆናል? የተጎደለ ቁና ቢሆን በእፍኝ አይተካም።

ሦስተኛ፣ «ቶሮንቶ ቀድሞ ስላረጋገጠ ተዝናና፣ ዛገ» የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። ይህ ግን በሥርዓቱ ላይ የሚቀርብ ክስ ነው። ቀድሞ በማሸነፉ የቀሩት ጨዋታዎች ትርጉም የሚያጡበት፣ ከዚያም በዕረፍቱ የሚቀጣ ቡድን ያለበት ውድድር፣ ትጋትን ይሸልማል ማለት ይከብዳል።

አራተኛ፣ «ጥሎ ማለፍ ባይኖር ማን ያያል? ሊጉ ይከስራል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ግሬይ ካፕ የካናዳ በዓል ነው፤ ይቅር ያለ የለም። ግን እኮ ይህ የገንዘብ መልስ ነው። እኔ የጠየቅሁት ማን ይበልጥ ሠራ ብዬ ነው፤ የተመለሰልኝ ምን ይበልጥ ይሸጣል ተብሎ ነው። ሁለቱን ጥያቄ መቀላቀል ነው ነገሩን ሁሉ ያበላሸው። ቴሌቪዥን የአንድ ቀን ድራማ ይፈልጋል፤ ድራማው እንዲያምር ደግሞ ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ እንደ መግቢያ መቆጠር አለበት። ደጋፊው የሻጩን ቋንቋ ተውሶ እርስ በርሱ ይሰዳደብበታል።

ምን ይደረግ?

ሦስት ነገር። አንድ፣ ሊጉ በመደበኛው ውድድር አንደኛ ለሚወጣ ቡድን ስም ያለው፣ ገንዘብ ያለው፣ በሜዳ በደጋፊ ፊት የሚነሣ ዋንጫ ይስጥ። አዲስ ፈጠራ አይደለም። የሰሜን አሜሪካ ሆኪ ሊግ የፕሬዚዳንቶች ዋንጫ አለው። የሰሜን አሜሪካ እግር ኳስ ሊግም የደጋፊዎች ጋሻ የሚባል አለው፤ ቶሮንቶ ኤፍሲ በ2017 ወስዶታል። የት የሚጫወት ክለብ? እዚያው ቢኤምኦ ፊልድ! በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ሣር ላይ፣ አንዱ ክለብ ዓመቱን ሙሉ በመምራቱ ጋሻ ይሰጠዋል፤ ሌላው የሊጉን የድል ክብረ ወሰን ተጋርቶ ባዶ እጁን ይሸኛል።

ሁለት፣ ከዘጠኝ ስድስት ማሳለፍ ይቅር። አራት ይበቃል። 6 ለ 12 የሆነ ቡድን በኅዳር ሊጫወት የሚገባው ምክንያት የለም። አራት ብቻ ሲያልፉ የነሐሴ ጨዋታ ዋጋ ይኖረዋል፤ ተመልካቹም በክረምት ስታዲየም የሚገባበት ምክንያት ያገኛል።

ሦስተኛው የእኛ ፈንታ ነው፤ ከማንም ፈቃድ አይፈልግም። ቃላችንን እናስተካክል። የዋንጫ አሸናፊ እንበል፣ የዓመቱ ምርጥ እንበል፤ አንድ ሲሆኑ ደስ ይበለን፣ ሲለያዩ ሁለቱንም በየስማቸው እንጥራ። ይህን ያህል ቀላል ነው።

«ምን አገባን፣ የካናዳ ጨዋታ ነው» የሚል አይጠፋም። ቶሮንቶ ውስጥ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ባሉት የሐበሻ ቤቶች ተቀምጦ አርሰናልን የሚያየው ወገናችን እንኳ ስለ አርጎናውትስ ግድ ላይኖረው ይችላል። ጨዋታውን መውደድ ግዴታ አይደለም። ሚዛኑ ግን እኛም ጋር አለ። አስራ ሁለት ዓመት ተምሮ በጥቂት ቀናት ፈተና ስም የሚወጣለት ትውልድ፣ አንድ ቀን ሙሉ ታሪክን ሲውጥ ምን እንደሚመስል ያውቃል። እያወቅን ለመዝናኛ ስንል ይህንኑ ፍርድ በሌላው ላይ ስንደግመው ነው የሚያስከፋው። በኳስ ላይ የለመደው ምላስ በሰው ላይም አይመለስም፤ የወደቀውን ነጋዴ፣ የተፈታችውን ሴት፣ ከስደት ባዶ እጁን የተመለሰውን ወንድም በመጨረሻዋ ቀኑ ብቻ እያየ «ከሸፈ» ይላል። ከዚያ በፊት ስንት ዓመት እንደቆመ ማንም አይቆጥርም።

የ2023 ቶሮንቶ በሰኔ ጀምሮ በሁለት ምድብ፣ በሜዳውና ከሜዳው ውጪ፣ 16 ጊዜ ተጋጣሚውን አሸንፎ ወጥቷል። አንድ ጊዜ፣ መሸነፍ በማይገባው ቀን፣ ክፉኛ ተሸንፏል። ሁለቱም ተጽፈዋል፤ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም።

ዋንጫው የሞንትሪያል ነው፤ ይገባቸዋል። ዓመቱ ግን የቶሮንቶ ነበር።